ስለ ጨዋታና ስለ ትንንሽ ሥራ፤ ከመቀሌና ከአካባቢዋ ታሪክ

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ለዓመቱ እትም አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ስለ ድልድይ ወይም ስለ ግድብ እንድጽፍላቸው የጠበቁ ይመስለኛል። እኔ ግን ስለ ጨዋታ ልጻፍ አልኋቸው። ከመካከላቸው አንዱ ሳቅ ብሎ «ሰው ሲያረጅ ወደ ልጅነቱ ይመለሳል ማለት ይህ ነው» አለኝ። ቀልዱን በቀልድነቱ ተቀበልሁት፤ ይሁንና የዚህን ጽሑፍ መነሻ የሰጠኝ ይኸው ሳቅ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አባላት ላስረዳ። በመቀሌ ከተማ በሙያዬ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ማታ ማታ በካርቶን፣ በቀርከሃ ስንጣሪና በሙጫ ትንንሽ ቤቶችን እየሠራሁ አመሻለሁ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከጥቂት ወዳጆቼ ጋር ገበታና ሰንጠረዥ እጫወታለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት የአፄ ዮሐንስን ቤተ መንግሥት በመቶ እጅ አሳንሼ ሠርቼ ወደ መሥሪያ ቤት ይዤው ብሄድ፣ የዚያን ጊዜ አለቃዬ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ብድግ አድርጎ «ለልጅዎ ልደት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ልጆቼ አድገው ከቤት ወጥተዋል ብዬ ብመልስለት ሳቁ ይባስ በረታ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሠራሁትን ከቤቴ አላወጣሁም። በከተማችን እንደ እኔ ያለ ልማድ ኖሯቸው፣ «ሥራ ፈት» ወይም ወጣቶቹ እንደሚሉት «ቀለሜ» እንዳይባሉ የሚደብቁ ሰዎች እንዳሉ የተረዳሁት ቆይቶ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ትልቅ ሰው በጨዋታውና በትንንሽ ሥራው እንዲያፍር የሚያደርገው ንቀት ከየት መጣ? የአገራችንስ ታሪክ ይህን ንቀት ይደግፋልን? መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከመቀሌ ዙሪያ ብንጀምር ይበቃል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።)

ስለ ቃላቱ

በቅድሚያ ቋንቋችን ራሱ ምን እንደሚል እንመልከት። በአማርኛ «ጨዋታ» ማለት የልጆች ሩጫና ድብብቆሽ ብቻ አይደለም። ሽማግሌዎች ከእሳት ዳር ተቀምጠው ስለ አገር ጉዳይ ሲነጋገሩም «ጨዋታ ይዘዋል» ይባላል። አንድን ሰው «ተጫዋች ነው» ስንል አዋቂና ለዛ ያለው ነው ብለን ማመስገናችን ነው። ስለዚህም ቃሉ በራሱ ነውር አልነበረበትም።

ከዚህም በላይ የሚያስደንቀው ነገር አለ። እኛ የሙያ ሰዎች በየዘገባችን አኃዝ የምንደረድርበትን የመስመርና የዓምድ መረብ «ሰንጠረዥ» እንለዋለን። ይህ ቃል ከፋርስና ከዐረብ «ሻትራንጅ» ከሚባለው ወደ እኛ የመጣ የጨዋታ ስም ነው። የዘገባው መረብ ስሙን ያገኘው ነገሥታትና መኳንንት ከተጫወቱበት ሰሌዳ ነው ማለት ነው። «ገበታ» የሚለውም እንደዚሁ ነው። የምንበላበት፣ ፊደል የምንቆጥርበትና ጠጠር የምንዘራበት ሁሉ ገበታ ይባላል፤ ተማሪም ከትምህርት ቤት ሲቀር «ከትምህርት ገበታ ራቀ» እንላለን። ጨዋታን ከሥራና ከትምህርት ፈጽሞ ለይቶ የሚንቅ ሰው ከገዛ ቋንቋው ጋር እንደሚጣላ ይወቅ።

የራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ

መቀሌ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ከተማ ሆና ከመስፋፋቷ በፊት የእንደርታ አውራጃ ዋና ሥፍራዎች በስተ ደቡብ የሚገኙት ሕንጣሎና ጨለቆት ነበሩ። በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና በ19ኛው መጀመሪያ ትግራይን የገዙት ራስ ወልደ ሥላሴ የተቀመጡት በእነዚህ ሥፍራዎች ነው። እንግሊዛዊው ሔንሪ ሶልት በ1805 እና እንደገና በ1810 ወደ እኒህ ራስ ዘንድ መጥቶ ነበር፤ ሁለተኛውን ጉዞውን የሚተርከው መጽሐፉም በ1814 ታተመ።

ሶልት ስለ ራስ ወልደ ሥላሴ ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ የሰንጠረዥ ፍቅራቸው ነው። ራስ ከመኳንንቶቻቸው ጋር ሲጫወቱ ተመልክቷል። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ያልተሳሉ ነበሩ። ተጫዋቹ የባላጋራውን ጠጠር ሲወስድ ቀስ ብሎ አንሥቶ አያስቀምጠውም፤ በኃይል መትቶ ከሥፍራው ያባርረዋል። በአዳራሹ የተገኘ ሁሉ ይጮሃል፣ ይመክራል፣ አንዳንዱም ጠጠሩን ጨብጦ «በዚህ ይሂድ» ይላል። ጸጥታ የለመደው እንግሊዛዊ በዚህ ሁካታ ቢደነቅም፣ የራስ ባለሟሎች ይህን ሁሉ እያደረጉ ጌታቸው እንዲያሸንፉ በብልሃት ያመቻቹላቸው እንደ ነበር ሳይታዘብ አላለፈም። በዚሁ ዘመን በራስ አገልግሎት ለብዙ ዓመታት በትግራይ የኖረው ናትናኤል ፒርስም ስለ አገሩ ኑሮና ልማድ ሰፊ ማስታወሻ ትቶልናል፤ እርሱም በ1831 ታተመ።

ራስ ወልደ ሥላሴ በ1816 እስከ ሞቱበት ጊዜ ድረስ በዘመኑ ከነበሩት መሳፍንት ሁሉ ኃያላን ከሚባሉት አንዱ ነበሩ። ይህን ያህል አገር የሚያስተዳድሩ ሰው በሰንጠረዥ ሰሌዳ ፊት ረጅም ሰዓት መቀመጣቸው ሥራ ፈት አላሰኛቸውም። በዙሪያቸው የነበረው ሰውም ከጨዋታው ለመካፈል ይሻማ ነበር እንጂ አላፌዘባቸውም።

የጨዋታው ሥርዓት

ዛሬ ይህን ጨዋታ የሚያውቅ ጥቂት በመሆኑ ሥርዓቱን ባጭሩ መግለጽ ይገባል። የሰንጠረዥ ሰሌዳ 64 ቤት ያለው ሲሆን፣ ቤቶቹ እንደ አሁኑ ቼዝ ጥቁርና ነጭ አልነበሩም፤ ብዙ ጊዜ በቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር ወይም በሰማያዊ ጥብጣብ መስመር ተሰምሮባቸው ይለያሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች 16 ጠጠር አለው። እነርሱም ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊሎች፣ ፈረሶች፣ ደሮችና ስምንት መደቆች ናቸው። ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል፤ ፊል በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘላል፤ ፈረስና ደር እንደ ዛሬው ቼዝ ናቸው፤ መደቅ ምንጊዜም አንድ አንድ ቤት ወደ ፊት ይራመዳል።

ከሌላው ዓለም ጨዋታ ሁሉ ልዩ የሚያደርገው ግን አጀማመሩ ነው። «ወረራ» በሚባለው በመጀመሪያው ክፍል ተራ መጠበቅ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድነት፣ እንደ ፈቀዳቸው ጠጠሮቻቸውን እያንቀሳቀሱ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ያፈርሳል፣ እንደገና ይሠራል። ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲወሰድ ነው።

አጨራረሱም ጨዋነት ነበረበት። በኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን፣ ከሞተ በኋላ በ1868 በታተመው መጽሐፉ እንደ ገለጸው፣ የባላጋራን ንጉሥ በኃይለኞቹ ጠጠሮች ማስጨነቅ እምብዛም አያስመሰግንም ነበር፤ በደካሞቹ ጠጠሮች መፈናፈኛ ማሳጣት ግን ክብር ነበረው። ጠጠሩ ሁሉ አልቆ ብቻውን የቀረን ንጉሥም ማሸነፍ እንደ ድል አይቆጠርም ነበር። ስለዚህ አሸናፊው ባላጋራውን ፈጽሞ እንዳይገፈው እየተጠነቀቀ፣ ባለው ትንሽ ኃይል በብልሃት መጨረስ ነበረበት። የበላይነትን በልክ መያዝ እንደሚገባ ከዚህ የተሻለ ትምህርት የሚሰጥ ጨዋታ አላውቅም።

ሰንጠረዥ በአገራችን ለዘመናት ኖሯል። አፄ ልብነ ድንግልም በ16ኛው ምዕተ ዓመት ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደ ነበር ይነገራል። ከ1935ቱ የጣሊያን ወረራ ወዲህ ግን እየተረሳ ሄዶ የአውሮፓው ቼዝ ተተካበት። ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና ሥርዓት፣ በዚያው ዓመትም ስለ ገበታ ሁለት ሰፋፊ ጥናቶች ባያሳትሙ ኖሮ ከምናውቀው ብዙው ተበታትኖ በቀረ ነበር። አንድ ታላቅ የታሪክ ሰው ጊዜያቸውን ለጨዋታ ማዋላቸው ለእኛ ምሳሌ ሊሆነን ይገባል።

የድኻው ሰሌዳ

ሰንጠረዥ የአዳራሽ ጨዋታ ከሆነ ገበታ የሁሉ ነው። ዝሆን ጥርስም ጨርቅም አይጠይቅም፤ በመሬት ላይ ጉድጓድ ምሶ ጠጠር ወይም ባቄላ መልቀም ይበቃል። በ1893 ወደ አክሱም የተጓዘው ቴዎዶር ቤንት ያየው ገበታ 18 ጉድጓዶች የነበሩት ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 9፣ በየጉድጓዱም ሦስት ሦስት ጠጠር ይደርሳል፤ በድምሩ 54 ጠጠር ማለት ነው። እረኛው፣ ነጋዴው፣ የደብር ተማሪው በየቦታው ተጫውቶታል።

ዕድሜውም ቀላል አይደለም። በትግራይ በየሓና በኤርትራ በመጠራ በአክሱም ዘመን ሥፍራዎች የገበታ ስባሪና በአለት ላይ የተፈለፈሉ ጉድጓዶች ተገኝተዋል፤ የታሪክ ተመራማሪዎችም ዘመናቸውን 6ኛውና 7ኛው ምዕተ ዓመት አካባቢ ያደርጉታል። ይህን የሚያህል ዘመን ያልጠፋ ነገር ከንቱ ነው ለማለት ድፍረት ያስፈልጋል። ደግሞም ገበታ የሚጫወት ሰው ጠጠሩን ከማንሣቱ በፊት የመጨረሻው ጠጠር የት እንደሚወድቅ በልቡ ቆጥሮ መጨረስ አለበት። ይህ ሒሳብ ነው፤ ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ የሚሠራ መሆኑ ሒሳብነቱን አያስቀረውም።

ታላቁን ነገር በትንሹ መሥራት

ወደ ሁለተኛው ጉዳይ፣ አሳንሶ ወደ መሥራት እንመለስ። በአክሱም አጠገብ በሐወልቲ ፈረንሳዊው አንሪ ደ ኮንተንሶን በ1950ዎቹ መጨረሻ ባካሄደው ቁፋሮ ከተገኙት ዕቃዎች መካከል ከሸክላ የተሠሩ ትንንሽ ቤቶች ይገኛሉ። ዘመናቸው ከአክሱም መንግሥት በፊት እንደሆነ ይገመታል። ለአምልኮ ይሁን ለሌላ ጉዳይ የተሠሩበትን ምክንያት ማወቅ ቢያስቸግርም፣ ስለ ዚያ ዘመን የጣራና የግድግዳ አሠራር የሚነግሩን እነርሱ ናቸው። የዚያ ዘመን እውነተኛ የሣርና የጭቃ ቤቶች ፈርሰው ሲጠፉ በመዳፍ የምትያዘው የሸክላ ቤት ለምስክርነት ቀረች።

የአክሱም ሐውልቶችም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። ታላቁ፣ የወደቀው ሐውልት 33 ሜትር ርዝመትና ወደ 520 ቶን ክብደት ያለው አንድ ድንጋይ ነው። በላዩ ላይ የተቀረጸው ግን ባለ 13 ፎቅ ቤት ነው፤ በር አለው፣ መስኮት አለው፣ ከግድግዳው ብቅ ብቅ ያሉ የአግዳሚ እንጨቶች ጫፎች አሉት። ይህን የእንጨትና የድንጋይ አሠራር በእውነተኛ ሕንፃ ለማየት የሚሻ በትግራይ ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም ይሂድ፤ እዚያ «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት የእንጨት ጫፎች ዛሬም ከግድግዳው ወጥተው ይታያሉ። እንግዲህ የአክሱም ጠራቢ የሕንፃን አምሳያ በድንጋይ የሠራ ሰው ነው። ጎረቤቶቹ «ሰው የማይኖርበትን ቤት ምን ያደርግልሃል?» ብለው ስቀውበት እንደሆነ እንጃ፤ ለአገሩ መታወቂያ የሆነው ግን ያ ሰው የማይኖርበት ቤት ነው።

በመቀሌም ከ1882 እስከ 1884 ለአፄ ዮሐንስ 4ኛ የተሠራው ቤተ መንግሥት የአናጢ እጅ ውጤት ነው። ሥራውን የመራው ጃኮሞ ናሬቲ የሚባል ጣሊያናዊ አናጢ ሲሆን፣ ዊልያም ሺምፐር አብሮት ሠርቷል። ናሬቲ ለንጉሠ ነገሥቱ ዙፋንም የሠራ ሰው ነው። ትልቁን ሕንፃ ያቆመና የዙፋኑን ጌጥ በጥቃቅኑ የፈለፈለ እጅ አንድ መሆኑን ልብ ይሏል።

ንቀቱ ከየት መጣ?

ታሪኩ እንዲህ ከሆነ ፌዙ ከየት መጣ? በእኔ አስተያየት ምንጩ ሁለት ነው።

የመጀመሪያው አሮጌ ነው። በአገራችን በእጁ የሚሠራ ሰው ለረጅም ዘመን ተንቋል። ብረት የሚቀጠቅጠው ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ሸክላ የምትሠራው ሁሉ ስም ወጥቶላቸው ተሰድበዋል፤ ቡዳ ናቸው ተብለው ተፈርተዋል። ነገሩ የቱን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1908 ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ለማስነገር መገደዳቸው ያስረዳል። አዋጅ ስድብን ከአደባባይ ያርቃል፤ ከልብ ግን ቶሎ አያወጣውም። በካርቶን ቤት የሚሠራውን ሰው ስናይ የምንስቀው ሳቅ የዚያ አሮጌ ስድብ ርዝራዥ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ከዘመናዊ ትምህርት ጋር የመጣ ነው። ተምሮ ወንበር ያገኘ ሰው ቁም ነገረኛ መስሎ መታየት አለበት የሚል አስተሳሰብ ሰፍኗል። «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» የሚለው ተረት ትጋትን የሚያስተምር ይመስላል፤ ነገር ግን ሥራ ለመምሰል ብቻ የሚደረግ ሥራ ምን ያህል ጎጂ እንደሆነ በምፀት የሚነግረን እርሱ ነው። ማታ ማታ ስብሰባ ያለበት መስሎ የሚዞር ሰው ይከበራል፤ በቤቱ ተቀምጦ የድልድይ አምሳያ የሚሠራው ይሳቅበታል።

በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነበር። ፊሊፖ ብሩኔለስኪ በ1418 በፍሎሬንስ ለተደረገው የጉልላት ውድድር ያለ እንጨት ድጋፍ ማነጽ እንደሚቻል በጡብ አምሳያ ሲያሳይ፣ እንደ እብድ ተቆጥሮ ከስብሰባ ተጎትቶ እንደ ወጣ የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊዎች ይተርካሉ፤ ጉልላቱ ግን እስከ ዛሬ ቆሟል። ራስ ወልደ ሥላሴ በእንደርታ ሰንጠረዥ ይጫወቱ በነበረበት ዘመን፣ በ1812፣ በፕሩሲያ ባሮን ፎን ራይስቪትዝ የጦር ሜዳን በጠረጴዛ ላይ የሚያሳይ ጨዋታ ለንጉሡ አቀረበ። ልጁ በ1824 አሻሽሎ ለጦር አዛዡ ሲያሳይ አዛዡ በመጀመሪያ በቅዝቃዜ ተመለከተው፤ ጨዋታው እየገፋ ሲሄድ ግን ይህ ተራ ጨዋታ ሳይሆን የጦር ትምህርት ነው ብሎ ለሠራዊቱ ሁሉ እንዲታደል አደረገ። የራይት ወንድማማቾችም በ1903 በአውሮፕላን ለመብረር የበቁት፣ በ1878 አባታቸው ያመጣላቸው የሚበር መጫወቻ ልባቸውን ስለ ማረከው መሆኑን ራሳቸው መስክረዋል።

ይህን ስል ጨዋታ ሁሉ ወደ ታላቅ ግኝት ይመራል ማለቴ አይደለም። እኔ በካርቶን ቤቶቼ አንዳችም አልፈለሰፍሁም። ጨዋታ በራሱ ደስ ስለሚያሰኝ ብቻ ክብር ይገባዋል እላለሁ፤ ጥቅሙ ተከትሎ ቢመጣ መልካም፣ ባይመጣም ጉዳት የለውም።

በቅርቡ ያየነው

ከ2020 እስከ 2022 በትግራይ በተካሄደው ጦርነት መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋርጠው በነበረበት ጊዜ እኔ መቀሌ ነበርሁ። ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ብዙዎቹም ተጎድተው፣ ልጆቻችን ከወረርሽኙ ጊዜ ጀምሮ ሲቆጠር ወደ ሦስት ዓመት ያህል ከትምህርት ገበታ ርቀው ነበር። ያ ገበታ ሲታጠፍ የሰፈራችን ልጆች ሌላውን ገበታ ዘረጉ፤ በየግቢው ጉድጓድ ምሰው ጠጠር መዝራት ጀመሩ። ከእርዳታ ዘይት ቆርቆሮና ከአሮጌ ሽቦ መኪና ሠሩ። ከመካከላቸው አንዱ፣ አሥር ዓመት የማይሞላው፣ ቆሞ እየነዳ መሪውን ሲያዞር ሁለቱ የፊት እግሮች እኩል እንዲዞሩ የሚያደርግ ማገናኛ በሽቦ አበጅቶ ነበር። ማን እንዳሳየው ብጠይቀው «ሠርቼ ሠርቼ እንቢ ሲለኝ አፈረስሁት፤ ከዚያ እሺ አለኝ» ብሎ መለሰልኝ። እኛ ስንት ዓመት ተምረን የምንሠራበት ዘዴ ይኸው ነው። በዚያ ወራት ማንም በልጆቹ አልሳቀም፤ በእኔም በካርቶን ቤቶቼ የሳቀ አልነበረም። ጎረቤቶቼ ማታ ማታ በሻማ ብርሃን እየመጡ ሙጫ ያዙልኝ።

ሰላም ሲመለስ ፌዙም አብሮ ተመልሷል። ያን ልጅ «መኪናህን ጣልና አጥና» ሲሉት ሰምቻለሁ። መማሩ ግድ ነው፤ መኪናውን እንዲጥል ማድረግ ግን ዕዳው በኋላ በእኛ ሙያ ላይ የሚከፈል ስሕተት ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በዓመታዊ ጉባኤያችን አዳራሽ አንድ ጠረጴዛ ለአባላት አምሳያ ሥራዎች፣ ሌላ ጠረጴዛ ደግሞ ለሰንጠረዥና ለገበታ ይመደብ፤ የወረራን ሥርዓት የሚያውቁ ጥቂቶች ሳያልፉ ለወጣቶቹ ያስተምሩ። ሁለተኛ፣ በየከተማችን ያሉትን ታሪካዊ ሕንፃዎች በትክክል ለክተን አሳንሰን እንሥራቸው። የሐወልቲ የሸክላ ቤት እንዳስተማረችን፣ ትልቁ ሲፈርስ ትንሹ ምስክር ሆኖ ይቀራልና።

በመጨረሻም፣ በጽሑፌ መነሻ ሳቅ ያለው የመጽሔቱ አዘጋጅ ይህን ረቂቅ ካነበበ በኋላ ሁለት እሑድ ተከታትሎ ወደ ቤቴ መጥቶ ገበታ ተጫውቷል። እስካሁን አላሸነፈም፤ የሚቀጥለውን እሑድ ግን ራሱ ቀጥሮኛል።